ሁቨር የወደቀ ኦማሃ ነገሠ፦ የአንድ የኮሌጅ ቤዝቦል ዋንጫ የጉዳይ ጥናት

ማክሰኞ ሜይ 24 ቀን 2022 ነው። (እዚህ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ የቤዝቦል ቡድን፣ ሰው ሁሉ «ኦል ሚስ» የሚለው፣ አላባማ ውስጥ ሁቨር የምትባል ከተማ ገብቶ አንድ ጨዋታ ተጫወተ። በቫንደርቢልት 3 ለ 1 ተሸነፈ። ዕቃውን ጭኖ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ውድድሩ እስከ እሁድ ይቀጥላል። ለእነሱ ግን አንድ ቀን ብቻ ነበር።

ቡድኑ በዚያው ዓመት መጀመሪያ አካባቢ ከአገሩ አንደኛ ተብሎ ነበር። ከዚያ ቁልቁል ሄደ። በሊጉ (እነሱ ኮንፈረንስ ይሉታል) ጨዋታዎች 7 አሸንፎ 14 የተሸነፈበት ጊዜ ነበር። እንደምንም ተነስቶ 14 አሸንፎ፣ 16 ተሸንፎ ጨረሰ። አሰልጣኙ ማይክ ቢያንኮ ይነሳ የሚለው ድምፅም በርትቷል። ከሁቨር ሽንፈት በኋላ ያለው ሥራ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ብቻ ሆነ። በቀጣዩ ሰኞ ለአገር አቀፉ ውድድር የሚያልፉ 64 ቡድኖች ዝርዝር ይወጣል። ወጣ። ኦል ሚስ አለበት፤ ግን በበሩ ስንጥቅ ነው የገባው። ኮሚቴው በምርጫ ካስገባቸው ቡድኖች የመጨረሻው እሱ ነበር።

ጁን 26 ቀን ነብራስካ፣ ኦማሃ ላይ ኦክላሆማን 4 ለ 2 አሸነፉ። የአሜሪካ ኮሌጆች የቤዝቦል ሻምፒዮን ሆኑ። በታሪካቸው ለመጀመሪያ ጊዜ።

አጋጣሚ ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር፣ ያለፈው ዓመት ባይኖር። በ2021 የዚያው ክፍለ ግዛት ሌላው ቡድን፣ ሚሲሲፒ ስቴት፣ ሁቨር ሄዶ ሁለት ጨዋታ ተጫወተ። አንዱን በፍሎሪዳ 13 ለ 1፣ ሁለተኛውን በቴነሲ 12 ለ 2 ተረታ። ደምሩት፦ 25 ለ 3። ይህ ሽንፈት አይደለም፤ ዱላ ነው። በዚያው ክረምት ኦማሃ ላይ ዋንጫ ያነሳው ግን ሚሲሲፒ ስቴት ነው። ለእነሱም የመጀመሪያቸው ነበር።

ታዲያ ይህ የሁቨር ውድድር ምንድነው? የአገሪቱ ምርጥ ቡድን ተዋርዶ የሚወጣበት፣ ዋንጫውን የወሰደው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤቱ ቁጭ ብሎ ሌሎቹን የሚያይበት ውድድር ለምን ይኖራል? እንዴትስ ከ4 ቡድን ተነስቶ 16 ደረሰ?

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ማብራሪያ ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች በኮንፈረንስ ተቧድነው ይጫወታሉ። ኮንፈረንስ ማለት በግምት እኛ ሊግ የምንለው ነው። በደቡብ ምሥራቅ ያሉት ትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎች በ1932 የመሠረቱት ሳውዝኢስተርን ኮንፈረንስ ይባላል፤ በአጭሩ ኤስኢሲ። ቤዝቦሉ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ይዘልቃል። በኮንፈረንሱ ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን 10 ቅዳሜና እሁድ፣ በእያንዳንዱ 3 ጨዋታ፣ በድምሩ 30 ይጫወታል። ብዙ ያሸነፈ የሊጉ ሻምፒዮን ነው። ይህ አንድ ዋንጫ ነው። ከዚያ ሁሉም ሁቨር ይሰበሰብና ሌላ ዋንጫ ይጫወታል። ከዚያ ደግሞ አገር አቀፉ ይከተላል፤ እሱ ኦማሃ ላይ ያልቃል። የእንግሊዝን ኳስ የሚከታተል ሰው ሊጉን ከኤፍኤ ካፕ ለይቶ ስለሚያውቅ ግራ አይገባውም።

ልዩነቱ ይህ ነው። የኮንፈረንሱን ውድድር ያሸነፈ ወደ 64ቱ በቀጥታ ይገባል፤ ማንም አይመርጠውም፣ ማንም አይጥለውም። ለትንንሽ ኮንፈረንሶች ይህ ሕይወት ነው። ከእነሱ ብዙ ጊዜ አንድ ቡድን ብቻ ነው የሚያልፈው። የዓመቱ ድካም ሁሉ በአንድ ሳምንት ይወሰናል። ለኤስኢሲ ግን ይህ ትኬት ብዙም ዋጋ የለውም። በ2025 ከ16ቱ የኤስኢሲ ቡድኖች 13ቱ አልፈዋል። ሁቨር ሳይመጡም ያልፉ የነበሩ ናቸው አብዛኞቹ። እንግዲህ የበሽታው ሥር እዚህ ጋ ነው።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረም። ከ1977 በፊት ሻምፒዮኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚለየው የምሥራቅና የምዕራብ ምድብ አሸናፊዎች እርስ በርስ ተጋጥመው ነበር። በ1977 የመጀመሪያው ውድድር ተዘጋጀ። አራት ቡድን፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ሜዳ። ቦታው ኦክስፎርድ፣ ሚሲሲፒ ነበር። አሸናፊውም ባለሜዳው ኦል ሚስ። አዎ፣ ያው ኦል ሚስ።

የያኔው ሥርዓት ከጥሎ ማለፍ ይለይ ነበር። አንዴ የተሸነፈ አይወጣም፤ ሁለቴ የተሸነፈ ነበር የሚወጣው። ቤዝቦል ላይ ይህ ትርጉም አለው። በእግር ኳስ ደካማ ቡድን አንዴ በረኛውን ይዞ ሊያመልጥ ይችላል። በቤዝቦል ግን ይህ የየቀኑ ነገር ነው፤ ጥሩ የሚባል ቡድን ከሦስት ጨዋታ አንዱን ይሸነፋል፣ ማንም አይገረምም። ስለዚህ ሁለተኛ ዕድል ይሰጣል። ዋጋው ደግሞ ብዙ ጨዋታ ነው። ይህቺን ያዙልኝ።

ውድድሩ ከአራት ወደ ስድስት ቡድን አደገ። ሜዳውም ይቀያየር ነበር። በ1990 ሁቨር ላይ ሲዘጋጅ ዝናብ ገባበት። ዝናቡ አላቆም ሲል ኤልኤስዩ እና ሚሲሲፒ ስቴት የጋራ ሻምፒዮን ተባሉ። ኤልኤስዩ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ይህን ዋንጫ 12 ጊዜ ወስዷል፣ ከ12ቱ አንዷ ይህቺ የዝናብ ግማሽ ናት። ከዚያ ደግሞ ከ1993 እስከ 1995 ያለው እንግዳ ዘመን መጣ። አርካንሶ እና ሳውዝ ካሮላይና ገብተው አባላቱ 12 ስለሆኑ ውድድሩ ለሁለት ተከፈለ። ምሥራቁ ለብቻው፣ ምዕራቡ ለብቻው። ሁለት ዋንጫ፣ ሁለት አሸናፊ፣ አንድም ሻምፒዮን የለም። ሦስት ዓመት ቆይቶ ተተወ።

ከ1998 ጀምሮ ሁቨር ቋሚ ቦታ ሆነ። ከበርሚንግሃም በስተደቡብ ያለች ከተማ ናት። የኮንፈረንሱ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው በርሚንግሃም ነው፤ ስለዚህ ለጌቶቹ ቅርብ ነው። ስታዲየሙ በ1988 ተከፈተ። የተሠራው ለበርሚንግሃም ባረንስ፣ ለአንድ የታችኛው እርከን ፕሮፌሽናል ቡድን ነበር። ስሙን የሰማ ካለ በአንድ ሰው ምክንያት ነው። በ1994 ማይክል ጆርዳን ቅርጫት ኳሱን ትቶ ቤዝቦል ልሞክር ያለው እዚህ ነው። 3 ሆም ራን (ኳሷን ከሜዳው አጥር ውጭ የሚያሳልፍ ምት) መታ። የመምታት አማካዩ 0.202 ነበር፤ በቀላሉ፣ ከአምስት ሙከራ አንዱን ብቻ አገኘ ማለት ነው። በዓመቱ ወደ ቺካጎ ቡልስ ተመለሰ። ባረንስም ከ2012 በኋላ በርሚንግሃም መሀል ከተማ ወደተሠራለት አዲስ ሜዳ ሄደ። ሁቨር ላይ የቀረው ከ10 ሺህ በላይ ወንበር ያለው ስታዲየም እና በዓመት አንድ ሳምንት የሚመጣ ድግስ ነው።

ድግስ ያልኩት ለማጋነን አይደለም። ከስታዲየሙ ጎን ቤት የሚያህሉ መኪኖች የሚቆሙበት ሰፊ ቦታ አለ። ደጋፊዎች ከሉዊዚያና፣ ከሚሲሲፒ፣ ከአርካንሶ መኪናቸውን እየነዱ መጥተው ሳምንቱን እዚያው ያድራሉ፣ ሥጋ ይጠብሳሉ። በ12 ቡድን ዘመን በቀን አራት ጨዋታ ነበር። የመጀመሪያው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል ይጀምራል። የመጨረሻው መቼ እንደሚያልቅ እግዜር ይወቀው። ሜይ በአላባማ የመብረቅ ወር ነው። መብረቅ በአካባቢው ከታየ ጨዋታው ይቆማል፣ 30 ደቂቃ ይጠበቃል። 29ኛዋ ደቂቃ ላይ ሌላ ብልጭታ ከታየ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ሠራተኞቹ ሜዳውን ሸራ ያለብሳሉ፣ ይገፋሉ፣ እንደገና ያለብሳሉ። የጠዋቱ አንድ መብረቅ የማታውን ጨዋታ እኩለ ሌሊት ይገፋዋል።

በ2019 የሆነው ግን የመብረቅ ጥፋት ብቻ አልነበረም። ሚሲሲፒ ስቴት እና ኤልኤስዩ ረቡዕ ማታ ገቡ። ቤዝቦል 9 ኢኒንግ አለው፤ ኢኒንግ ማለት ሁለቱም ቡድን አንድ አንድ ተራ የሚመቱበት ዙር ነው። እኩል ከሆኑ ይቀጥላል፤ አቻ ብሎ ነገር የለም። ዘጠነኛው አለፈ። አሥራ ሁለተኛው አለፈ። አሥራ አምስተኛውም። በ17ኛው ኢኒንግ ሚሲሲፒ ስቴት 6 ለ 5 አሸነፈ። ሲያልቅ በእነሱ ሰዓት ከሌሊቱ ሦስት አልፏል፤ በእኛ አቆጣጠር ዘጠኝ ሰዓት፣ ዶሮ ሊጮህ ሲል። ጨዋታው ከስድስት ሰዓት ተኩል በላይ ፈጅቷል። ለተመልካች የዕድሜ ልክ ወሬ ነው። ለአሰልጣኝ ግን ቅዠት ነው፣ ምክንያቱም ያን ሁሉ ኳስ የሚወረውር ሰው መገኘት አለበት።

አሁን ወደ ክንዱ እንምጣ። የጉዳዩ እምብርት እዚህ ነው።

ቤዝቦል ላይ ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከወርዋሪው ነው። ፒቸር የሚሉት። ከ18 ሜትር ተኩል ገደማ ርቀት ላይ ቆሞ 145 ግራም ያህል የምትመዝን ኳስ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይለቃል። አንዴ አይደለም፤ በአንድ ጨዋታ 100 ጊዜ ገደማ። የሰው ክንድ ለዚህ አልተፈጠረም። ክርን ውስጥ ያለች አንዲት ጅማት ትላላለች፣ ትሰነጠቃለች፣ ትበጠሳለች። ስትበጠስ ከእጅ አንጓ ወይም ከሌላ ቦታ ጅማት ተወስዶ ይተካል። ይህ ቀዶ ጥገና በ1974 ለመጀመሪያ ጊዜ በተደረገለት ተጫዋች በቶሚ ጆን ስም ይጠራል። ለማገገም ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጃል። የሚገርመው፣ ለአሥርተ ዓመታት የአሜሪካ ወርዋሪ ክርኑ ሲበጠስ የሚሄድበት ከተማ በርሚንግሃም ነበር፤ ከሁቨር ቅርብ። ስመ ጥሩው የአጥንት ሐኪም ጄምስ አንድሩስ የሠራው እዚያ ነው። ልጆች በቀን ስንት ኳስ ይወርውሩ የሚለውን ልክ በማጥናት የታወቀው ተቋምም እዚያው ነው። ክንዱ የሚደክምበት ሜዳና ክንዱ የሚጠገንበት ሆስፒታል የመኪና ጉዞ ያህል ናቸው።

ስለዚህ የኮሌጅ አሰልጣኝ ክንድን እንደ ገንዘብ ነው የሚቆጥረው። ዓመቱን ሙሉ ሦስት ዋና ወርዋሪ ይኖረዋል። የዓርብ ልጅ፣ የቅዳሜ ልጅ፣ የእሁድ ልጅ ይሏቸዋል። የዓርቡ ኮከቡ ነው። 100 ኳስ ወርውሮ አንድ ሳምንት ያርፋል፣ በቀጣዩ ዓርብ ይመለሳል። ሰዓት ነው፤ አይዛነፍም።

ሁቨር ይህን ሰዓት ያዛባዋል። የመጨረሻው መደበኛ ሳምንት ሐሙስ ጀምሮ ቅዳሜ ያልቃል። ውድድሩ ማክሰኞ ይጀምራል፣ እሁድ ያልቃል። አገር አቀፉ ደግሞ በቀጣዩ ዓርብ ይጀምራል። አሁን አንተ አሰልጣኝ ነህ እንበል። የፍጻሜው ጨዋታ እሁድ ነው። ኮከብህ እሁድ 100 ኳስ ከወረወረ፣ ዓርብ ሲደርስ ያረፈው አራት ቀን ነው። አትመልሰውም። ከመለስከውም ያ ልጅ ያ ልጅ አይደለም። ስለዚህ ምን ታደርጋለህ? ኮከብህን ቀድመህ፣ ረቡዕ ላይ ታስወረውረዋለህ፣ እሱንም በቁጠባ። ፍጻሜውን ተቀያሪዎች በየተራ አንድ ሁለት ኢኒንግ እየወረወሩ ይወጡታል። ሰው «የኮንፈረንሱ ፍጻሜ» ብሎ ቴሌቪዥን ይከፍትና፣ ዓመቱን ሙሉ ስሙን ያልሰማው ልጅ ሲወረውር ያያል።

በዚህ መሀል ውድድሩ ይሰፋል። በ2012 ከ8 ወደ 10 ቡድን። በ2013፣ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም እና ሚዙሪ ከገቡ በኋላ፣ ወደ 12። ምክንያቱን ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ብዙ ቡድን ማለት ብዙ ደጋፊ፣ ብዙ ሆቴል፣ ብዙ የቴሌቪዥን ሰዓት ነው። ኮንፈረንሱ በ2014 የራሱን ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲከፍት፣ ጣቢያው ከማክሰኞ እስከ እሁድ የሚሞላበት ነገር አገኘ። የ12ቱ ሥርዓት ድቅል ነበር፦ ማክሰኞ ጥሎ ማለፍ፣ ከረቡዕ እስከ ዓርብ ሁለቴ የተሸነፈ ይወጣል፣ ቅዳሜና እሁድ እንደገና ጥሎ ማለፍ። በድምሩ 17 ጨዋታ። ከማክሰኞ የጀመረ ቡድን ዋንጫ ለመብላት ቢያንስ 5 ጨዋታ፣ አንዴ ከተንሸራተተ ደግሞ 6 ጨዋታ በስድስት ቀን ይጠብቀዋል። ሦስት ዋና ወርዋሪ ላለው ቡድን ስድስት ጨዋታ! ድግስ ላይ እንጀራው ሲያልቅ ያለውን የደጋሿን ፊት አስቡት።

በ2020 ኮቪድ መጣና ሳይካሄድ ቀረ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ዓመታት ግን ለብቻ ማየት ይጠቅማል፤ ክርክሩ የጦፈው ያኔ ነው።

2021። አርካንሶ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁቨር ላይ ዋንጫ አነሳ። አገር አቀፉ ላይም አንደኛ ተብሎ ተመደበ። ኬቨን ኮፕስ የሚባል ተቀያሪ ወርዋሪ ነበረው፤ የዓመቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሎ ጎልደን ስፓይክስ ሽልማትን የወሰደ። ወደ ኦማሃ ለማለፍ አንድ ጨዋታ ሲቀር፣ በገዛ ሜዳቸው ከኖርዝ ካሮላይና ስቴት ጋር፣ አሰልጣኙ ይህን ተቀያሪ ከመጀመሪያው ጀምሮ አስገባው። ዓመቱን ሙሉ በአጭሩ ሲወረውር የከረመ ልጅ ስምንት ኢኒንግ ጨርሶ ዘጠነኛው ገባ። 118 ኳስ ወረወረ። በዘጠነኛው መጀመሪያ ላይ አንድ መቺ ሆም ራን አስቆጠረበት። 3 ለ 2። አበቃ። ኮፕስን ያሸነፈው ግን የሁቨር ድካም ነው ማለት አልችልም። ከሁቨር ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። የማየው ሌላ ነገር ነው፦ ሜይ መጨረሻ ላይ ሁሉንም ያሸነፈ ቡድን እንኳ ጁን ላይ የሚያምነው አንድ ክንድ ብቻ ቀርቶት ነበር።

2022። ቴነሲ ሁቨር ላይ አሸነፈ፣ አገር አቀፉ ላይ አንደኛ ተመደበ፣ ኖተር ዴም የቴነሲ ሜዳ ያለበት ኖክስቪል ድረስ መጥቶ ጣለው። 2023። ቫንደርቢልት አሸነፈ፣ ከመጀመሪያው ዙር አላለፈም። ወደ ኋላ ቢሄዱም ያው ነው። በ2018 ኦል ሚስ ሁቨርን አሸንፎ፣ በገዛ ሜዳው በቴነሲ ቴክ ተባረረ። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ በአንድ ቀን ከሁቨር ተባርሮ ኦማሃ ላይ ነገሠ። የአንድ ቡድን ሁለት ዓመት፣ ተገልብጦ።

ደጋፊው ይህን አይቶ «እርግማን» ይላል። እኔ እርግማን አልለውም። ቫንደርቢልት በ2019 ሁቨርንም ኦማሃንም ወስዷል። ኤልኤስዩም በ2009። 64 ቡድን ባለበት ውድድር የትኛውም ቡድን ዋንጫ የመውሰድ ዕድሉ ጠባብ ነው፤ የሁቨር አሸናፊ ቢሸነፍ ብርቅ አይደለም። ብርቅ የሚሆነው አሸናፊው ሁሉ ቢወስድ ነበር። ነገር ግን ከሁቨር በጊዜ የወጣ ቡድን አንድ ነገር ይዞ ነው የሚሄደው፦ ዕረፍት። የኦል ሚስ ወርዋሪዎች በ2022 ከማክሰኞ ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ሳምንት ዓርብ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። በኦማሃ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ዲላን ደሉሺያ የሚባለው ወርዋሪያቸው አርካንሶን ብቻውን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ 2 ለ 0 ዘጋው። የኦማሃው ውድድር ምርጥ ተጫዋችም ተባለ።

አሰልጣኞች ይህን በግልጽ አይናገሩትም። ደጋፊ ገንዘቡን ከፍሎ፣ መኪናውን ነድቶ መጥቷል፤ «ብንሸነፍ ይሻለናል» አይባልም። ግን ማን ስንት ኳስ እንደወረወረ ማየት ነው። ቁጥሩ ይናገራል።

ከዚያ 2024 መጣና ሁሉንም አወሳሰበው። ቴነሲ ሁቨር ላይ የመጀመሪያ ጨዋታውን በቫንደርቢልት 13 ለ 4 ተሸነፈ። በአሮጌው ሥርዓት ግን አንዴ መሸነፍ አይጥልም። ቆየ። አንድ በአንድ እያሸነፈ መጣ፣ ቫንደርቢልትንም መልሶ አገኘውና ጣለው፣ እሁድ ኤልኤስዩን 4 ለ 3 ረትቶ ዋንጫውን ወሰደ። ኦማሃ ላይም አሸነፈ። አገር አቀፉን ውድድር አንደኛ ሆኖ ጀምሮ ዋንጫውን የወሰደ ቡድን ከ1999 ማያሚ ወዲህ አልታየም ነበር። ሁለተኛ ዕድል የሚባለው ነገር ምን እንደሚያመጣ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ታሪክ አይገኝም።

እና ኮንፈረንሱ በቀጣዩ ዓመት ያንን ሁለተኛ ዕድል ሰረዘው።

በ2024 ቴክሳስ እና ኦክላሆማ ገብተው አባላቱ 16 ሆኑ። ከ2025 ጀምሮ ሁሉም ሁቨር እንዲመጡ ተወሰነ። ሥርዓቱም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጥሎ ማለፍ ሆነ። ቀላል ሒሳብ ነው፦ 16 ቡድን፣ አንድ አሸናፊ፣ 15 ተሸናፊ፣ 15 ጨዋታ። ቡድኑ በአራት ጨመረ፣ ጨዋታው በሁለት ቀነሰ። ከ1 እስከ 4 የወጡት እስከ ሩብ ፍጻሜ ያርፋሉ፤ ሦስት ጨዋታ ብቻ አሸንፈው ዋንጫ መብላት ይችላሉ። ሦስት ጨዋታ፣ ሦስት ወርዋሪ። የዓርብ ልጅ፣ የቅዳሜ ልጅ፣ የእሁድ ልጅ። አሰልጣኞች ለዓመታት በልባቸው የያዙት ነገር በመጨረሻ ደንብ ሆነ ብዬ ነው የማነበው።

ሁሉም ይምጣ ማለት ግን አስቂኝ ጎን አለው። ሚዙሪ በዚያ ዓመት በኮንፈረንሱ 3 አሸንፎ 27 ተሸንፏል። ሦስቱንም ያሸነፈው በአንድ ቅዳሜና እሁድ፣ ያውም ዓመቱ ሲጀመር ከአገሩ አንደኛ የተባለውን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን። ይህም ቡድን ለሻምፒዮንነት ሁቨር ተጋበዘ። አንድ ጨዋታ ተጫውቶ ተመለሰ። ልጆቹ ይጫወቱ፣ እኔ ምን አገባኝ። ግን 30 ጨዋታ ተጫውቶ ማንንም የማያስቀር ሊግ፣ 30ውን ለምን ተጫወተ የሚል ጥያቄ ያስነሳል።

የላይኛው ጫፍም ቢሆን አላረፈም። ሊጉን አንደኛ ሆኖ የጨረሰው ቴክሳስ እስከ ሩብ ፍጻሜ ተቀምጦ ጠብቆ፣ በመጀመሪያ ጨዋታው በቴነሲ ተሸንፎ ሄደ። በቀደመው ዓመት ቢሆን አንድ ዕድል ይቀረው ነበር። ፍጻሜው ላይ ቫንደርቢልት ኦል ሚስን 3 ለ 2 አሸነፈ። ቫንደርቢልት አገር አቀፉ ላይም አንደኛ ሆኖ ተመደበ። በቀጣዩ ሳምንት በገዛ ሜዳው ሁለት ጨዋታ ተሸንፎ ወጣ፤ የመጨረሻውን በራይት ስቴት፣ ብዙ ሰው ካርታ ላይ በማያውቀው ትምህርት ቤት። ደንቡ ተቀየረ፣ ጨዋታው ቀነሰ፣ ወርዋሪው አረፈ፣ ታሪኩ ግን ያው ሆነ። ለዚህ ነው እርግማኑንም የድካም ማብራሪያውንም በጥርጣሬ የማየው። ድካም አለ። ግን ሁሉን አይገልጽም።

ኤልኤስዩ በዚያው ሳምንት ሁቨር ላይ አንድ አሸንፎ፣ ቅዳሜ በግማሽ ፍጻሜ በኦል ሚስ 2 ለ 0 ተሸነፈ። ያን ቀን ብዙም ያለቀሰ አልነበረም። ጁን 21 ኦማሃ ላይ፣ በመጨረሻው ፍልሚያ የመጀመሪያ ጨዋታ፣ ኬድ አንደርሰን የሚባለው ግራኝ ወርዋሪያቸው ኮስታል ካሮላይና ላይ ሊወረውር ገባ። አሰልጣኙ አላወጣውም። መቶኛዋ ኳስ አለፈች፣ አላወጣውም። ዘጠኙንም ኢኒንግ ብቻውን ጨረሰ፤ 1 ለ 0፣ 130 ኳስ። በማግስቱ ኤልኤስዩ ሁለተኛውንም ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። ሁቨር ላይ ማንም አሰልጣኝ ልጁን 130 ኳስ አያስወረውርም። ኦማሃ ላይ ግን የሚቆጠብለት ቀጣይ ዓርብ አልነበረም።